ስለ ቀዩ ማሰሪያ፦ ለመኪና ፋብሪካው የቅርጽና ውበት ክፍል ኃላፊ

ለክቡር የቅርጽና ውበት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ባለሙያዎችም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ወገብዎ እንዳይጎብጥ፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ የጣትዎም ጥፍር እንዳይሰበር ከልብ እመኛለሁ። ሦስቱን ለይቼ መመኘቴ እርስዎ ከነደፏት መኪና የኋላ ወንበር በሰላም ለመውረድ ሦስቱም የግድ እንደሚያስፈልጉ በቤተሰቤ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባለ መኪና ሆኜ ኖሬአለሁ፤ መኪናዬ ግን የስፌት መኪና ስለ ነበረች ከሱቄ ወጥታ አታውቅም፣ ሰው ገጭታ አታውቅም፣ ሰውም ውስጧ ቆልፋ አስቀርታ አታውቅም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ ሲደርሰኝ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ቤት ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሰው መጻፉ አስደስቶኝ ቆሜ ነው ያነበብሁት። ደብዳቤው በመኪናችን የኋላ በር የውስጥ ገጽ ላይ «ያልተፈቀደ ቀይ ጌጥ» ተሰፍቶ መገኘቱን፣ ጌጡም የመኪናዋን ንጹሕ መስመር የሚያበላሽ መሆኑን ገልጾ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተነሣ የፋብሪካው ዋስትና እንደሚቋረጥ በትሕትና ያስጠነቅቃል። ለዚህ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሰፋሁትን ማሰሪያ ጌጥ ብሎ የጠራልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝምና።

መልሴን በፖስታ ልኬ ዝም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ይኸው ደብዳቤ፣ ቃል ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት፣ ለሌሎች አርባ ሁለት ባለ መኪናዎችም እንደ ደረሳቸው ስለ ሰማሁ፣ የአርባ ሦስቱንም ማሰሪያ የሰፋሁት እኔው ስለ ሆንሁ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ በግልጽ መጻፍ ጊዜዎን ይቆጥባል ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። መኪናዋን የመረጥኋት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሕፃን ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፣ በፈለገው ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መኪና ያስፈልጋት ነበር። በመሸጫ አዳራሻችሁ ውስጥ እርሷ ስለ ፍሬኑ ስትጠይቅ እኔ ስለ ትከሻዋ እጠይቅ ነበር። ከፊት መብራቷ ተነሥቶ እስከ ኋላዋ የሚወርደው ያ አንድ መስመር፣ ክቡር ሆይ፣ የተዋጣለት ቆራጭ በአንድ ትንፋሽ የቆረጠው ካፖርት ይመስላል። ስፌቱ አይታይም፣ ቁልፉ አይታይም፣ ኪሱ አይታይም። የበሩ እጀታም አይታይም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ሙገሳ ነበር የተናገርሁት።

መኪናዋ ሰፈር የገባች ቀን ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲያደንቃት፣ አማቴ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ ጊዜ ዞሯት። አማቴ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ዓመት በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህርት ሆነው አሳልፈዋል፤ በሰፈራችን ሁለት ሰው ተጣልቶ በእርሳቸው ፊት ሳያልፍ ስለማይታረቅ «ዳኛዋ» ነው የሚባሉት። ዞረው ሲጨርሱ በሩ የት እንዳለ ጠየቁኝ። ቁልፉን ይዤ ጠጋ ስል እጀታው ከተደበቀበት በራሱ ወጣ። አማቴ ጥቂት አዩትና «እንግዳ ሲመጣ ምላሱን የሚያወጣ በር ገና ማየቴ ነው» አሉ። እኛ ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ እንደ እናንተ ደብዳቤ እኔም በቁጥር አድርጌአቸዋለሁ።

አንደኛው ስለ ስክሪኑ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም ቁልፍ አለመኖሩን በደስታ ተቀብዬ ነበር፤ ምንም እንኳ በእኔ ሙያ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ሸሚዙን ሊያስጠግን እንጂ ሊመረቅበት ባይመጣም። በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ጥሎ ቁልቁለት ላይ መስታወቱ በጉም ተሸፈነብኝ። ጉሙን ለመጥረግ መጀመሪያ «ምቾት» የሚለውን ነካሁ፣ ቀጥሎ «አየር» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ተጨማሪ» የሚለውን፣ ከዚያም ሦስት ተመሳሳይ ሥዕሎች ቀረቡልኝና የትኛው የፊት መስታወት እንደሆነ ስመረምር፣ ስክሪኑ ራሱ በትልልቅ ፊደል «እባክዎ ዓይንዎን ከመንገዱ ላይ አያንሱ» የሚል ምክር አወጣ። ምክሩን ተቀብዬ ዓይኔን ወደ መንገዱ ስመልስ የመድኃኒት ቤቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ በፓራውልቴ ተሸክሜ ነበር። ፋርማሲስቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ወጥቶ ማዘዣ ይዤ እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

ሁለተኛው የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ ስለያዙት ምሰሶዎች ነው። የሰፈራችን መካኒክ፣ «ጋሽ ብሎን» እያልን የምንጠራው፣ ነገሩን በሚገባ አስረድቶኛል። መሐንዲሶቻችሁ መኪናዋ ብትገለበጥ ጣሪያዋ ሰው ላይ እንዳይወርድ ምሰሶው ይወፍር ብለዋል፤ እሰየው። የእርስዎ ክፍል ደግሞ መኪናዋ ቆማም የቸኮለች እንድትመስል ምሰሶው ወደ ኋላ ይጋደም ብሏል። ሁለቱም እንዳይቀየሙ ምሰሶው ወፈረም፣ ተጋደመም። የተረሳው ከበስተጀርባው የሚሻገር ሰው ብቻ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ጎረቤታችን ከመቶ ኪሎ የማያንስ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ በዚያ ላይ የሚያፏጭ ሰው ሆኖ ሳለ፣ እኔ ስታጠፍ እርሱ ሲሻገር፣ እኩል እየተጓዝን ከዚያ ምሰሶ ጀርባ ከነጃንጥላው ጠፋብኝ። የአንድ ክንድ ርቀት ሲቀረኝ በፉጨቱ ነው ያገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማጠፊያው አንገቴን አስግጌ፣ ወገቤን አጥፌ እያየሁ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ «ስትነዳ እንደ ዳክዬ ትሆናለህ» ብላኛለች።

ሦስተኛው ቅሬታ በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ አይደለም፤ ይታገሡኝ።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። አማቴ ዋዜማውን አንድ ዓይናቸውን ሞራ ተገፈው በፋሻ ታስረዋል፤ ሌላው ዓይናቸው ተራውን የሚጠብቅ ስለ ነበር ከጥላ በቀር አያይም። ባለቤቴ ለሥራ ማዋለጃ ክፍል ገብታለች። ስለዚህ ለምርመራ ወደ ዓይን ሐኪሙ የምወስዳቸው እኔ ሆንሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ የሚሄደው ነገር ሁሉ ይመጣብኛል ስላሉ ከኋላ አስቀመጥኋቸው፣ ቀበቶአቸውንም አሰርሁ። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ግን ይንሸራተት ነበር። የብሎኬት ማምረቻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር አሸዋ የጫነ መኪና ከፊታችን ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝሁ፣ መሪውን አዞርሁ፣ መኪናዋም በቀኝ ጎኗ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገብታ የኮንክሪቱን ጠርዝ በአፍንጫዋ መታችው።

እዚህ ላይ ያለ ምንም ሽሙጥ የምናገረው አለኝና ቆብዎን ያውልቁ። የመኪናዋ አፍንጫ እንደ ወረቀት ታጠፈ፣ እግሬን ግን አልነካኝም። የአየር ከረጢቱ ፊቴን እንደ ትራስ ተቀበለው። የአማቴ ቀበቶ ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ አጥንት ሳይሰብር ያዛቸው። ይህን የሠሩት ሰዎች በፋብሪካችሁ በየትኛው ፎቅ እንደሚቀመጡ አላውቅም፤ ብቻ ወጥተው ሲገቡ መንገድ እንዲለቀቅላቸው እለምናለሁ።

ከግጭቱ በኋላ መኪናዋ ኤሌክትሪኳን በራሷ አጠፋች፤ ይህም ለደኅንነት እንደሆነ ኋላ ተነግሮኛል። እጀታዎቹ ግን የሚወጡት በኤሌክትሪክ ነው። የእኔ በር ከውስጥ የሚታይ ማንሻ ስለ ነበረው ከፍቼ ወጣሁ። የአማቴ የቀኝ በር ከቦዩ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። የግራው በር ከውጭ ሲታይ እንደ እንቁላል ለስልሷል። በሞተር ብስክሌት ዳቦ የሚያመላልስ ሰው ወርዶ ሮጠ፣ አንዲት የትራፊክ ፖሊስም ደረሰች፤ ሦስታችንም ያን በር በግ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች ዳበስነው። የሚጨበጥ ነገር አልነበረውም። በዚህ መሐል ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ መውጣት ጀመረ።

ፖሊሷ ሁሉም ወደ ኋላ እንዲል አዝዛ መስታወቱን በድንጋይ መታችው። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ፣ ግን አልወደቀም። የውጭው ጫጫታ ተሳፋሪውን እንዳይረብሸው ሁለት ድርብ እንደተደረገ ከማስታወቂያችሁ አንብቤ ነበር፤ እውነታችሁን ነው፣ የውጭው ጫጫታ አማቴን ምንም አልረበሻቸውም። በፊት በኩል ተመልሼ ገባሁ። ሁለቱ የፊት ወንበሮች ያለ ኤሌክትሪክ አይንቀሳቀሱም፣ በመካከላቸው ያለውም ትልቅ ሣጥን ሰው አያሳልፍም። እጄን ዘርግቼ የአማቴን እጅ ብቻ ነው ማግኘት የቻልሁት። ጉልበታቸው ከታመመ ዓመታት አልፈዋል፤ በላዩ ላይ ይሻገሩ ማለት አይታሰብም።

እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፣ ድምፃቸው ግን እንደ ሁልጊዜው ነው።

«የሚሸተኝ ጭስ ነው ወይስ ያንተ ፍርሃት ነው?» አሉኝ።

እንፋሎት እንደሆነ ነገርኋቸው።

«ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል» አሉና እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

ክቡር ሆይ፣ የኋላውን በር ያለ ኤሌክትሪክ የሚከፍት ዘዴ መኖሩን ሰምቼ ነበር። ዘዴው በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። መጽሐፉ በስክሪኑ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ሞቷል። አባቶች ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲሉ ይህን መኪና አስቀድመው አይተውት ኖሯል ለካ።

የፋብሪካውን የእርዳታ ስልክ ደወልሁ። ጥሪዬ ለእናንተ እጅግ ውድ እንደሆነ አንድ የተቀዳ ድምፅ አበሠረኝ፤ ስለ አዳዲስ ቀለማት ለመስማት አንድን፣ ለሙከራ ጉዞ ሁለትን፣ ለብልሽት ሦስትን እንድጫን ጋበዘኝ። ሦስትን ተጫንሁ። ሙዚቃ መጣ፣ ጥሩ ሙዚቃ ነበር። ጭሱ እየወፈረ ሄደ፣ ዳቦ አመላላሹም በጃኬቱ ያርገበግበው ጀመር። በመጨረሻ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ ስሜን አልጠየቀችም፣ የሰሌዳ ቁጥሬንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው ውስጥ ሰው መኖሩን ብቻ ነው። አለ አልኋት። ከኋላ አልኋት። በተረጋጋ ድምፅ በበሩ ኪስ ግርጌ የጎማ ምንጣፍ እንዳለ፣ ከምንጣፉ ሥር የሁለት ጣት ስፋት ያላት ክዳን እንዳለች፣ ከክዳኗም ሥር ቀጭን ሽቦ እንዳለ ነገረችኝ። ከእኔ በኩል እጄ አይደርስም። የሚደርሰው የአማቴ እጅ ብቻ ነው። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቼ እጄ እስከሚዘረጋበት ድረስ ወደ እርሳቸው አስጠጋሁት።

«እማማ፣ የሚያዩትን ይንገሩኝ» አለች ልጅቷ።

«አላይም ልጄ፤ የምዳስሰውን ልንገርሽ» አሉ አማቴ።

አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን መርፌ አያያዝ ያስተማሩ ጣቶች ወደ በሩ ኪስ ወረዱ። ምንጣፉን አገኙት፣ አነሡትም። ክዳኗን አገኟት፤ ንጹሕ መስመሯን ጠብቃ የተሠራች ናትና መቆንጠጫ የላትም፤ ጥፍራቸው ተሰበረ። ከፀጉራቸው መያዣ መርፌ መዘው ጠርዟን ፈለቀቋት። ሽቦውን እንዳገኙ የተናገሩት ክር ቀለም እየመረጡ በሚናገሩበት ድምፅ ነው፤ ወደ ላይ ይሳብ እንደሆነ ወይስ ወደ ፊት ጠየቁ።

«ወደ ፊት፣ እማማ። በሙሉ ኃይልዎ።»

በሩ ጧ ብሎ ተከፈተ። ፖሊሷ አማቴን እንደ ሕፃን አቅፋ መንገዱን አሻግራ አስቀመጠቻቸው። እኔ ከመኪናዋ ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥሁ፤ ዳቦ አመላላሹም አጠገቤ ተቀመጠ። ከግጭቱ እስከዚያ ድረስ አሥራ አራት ደቂቃ እንዳለፈ ፖሊሷ በመዝገቧ ላይ ጽፋለች። ጭሱ ኋላ በራሱ ቆመ፣ እሳት አደጋዎችም መጥተው አጣሩ፤ መኪናዋ አልነደደችም። ይህን ግን በአሥራ አራቱ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

አማቴ ሹራባቸውን አስተካክለው ስልኩን እንዳቀብላቸው አዘዙኝ። ልጅቷ አሁንም መስመሩ ላይ ነበረች፤ ታለቅስ ነበር። አማቴ ስትጨርስ ጠብቀው፣ ቅዳሜ ምሳ ቤታችን እንደምትመጣ ነገሯት። አልጠየቋትም፤ ነገሯት።

ቅዳሜ መጣች። የስልክ ሠራተኛ አልነበረችም። የዚያ በር መቆለፊያ መሐንዲስ ነች። በሳምንት ሁለት ቀን ከስልክ ሠራተኞቹ ጋር ልቀመጥ ብላ በገዛ ፈቃዷ ያመለከተችው፣ ያ ጥሪ አንድ ቀን እንደሚመጣ ስለምታውቅ ነው። በሦስት ስብሰባ ላይ ለኋላ በር ጣት የምታህል፣ በዓይን የምትታይ ማንሻ እንድትደረግለት ጠይቃ፣ በሦስቱም መስመሩን ታበላሻለች ተብሎ ተመልሶባታል። በሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ከኋላ የሚቀመጥ መንገደኛ በር በር አያይም ብሎ ስብሰባውን አስቆታል አለች። ፋሻቸው የተፈታላቸው አማቴ በአዲሱ ዓይናቸው ትኩር ብለው አይተዋት፣ ጥፋቱ ሦስት ጊዜ የተናገረው ሰው ሳይሆን ሦስት ጊዜ የሰማው ሰው እንደሆነ ፈረዱ። ዳኛ ናቸውና ይግባኝ የለውም።

እኔም በዚያ ቀን የራሴን ኃጢአት ነገርኋት። ገና ወጣት ሰፊ ሳለሁ ለአንድ የመዘምራን መሪ ኮት ሰፍቼ ነበር፤ ከገላው ጋር የተጣበቀ፣ አንድም እጥፋት የሌለበት፣ ያየው ሁሉ የሚያደንቀው። በመጀመሪያው ዝግጅት ላይ ሰውየው መዘምራኑን ለማስጀመር ሁለት እጁን ሲያነሣ ኮቱ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተተረተረ፤ ሕዝቡ ጀርባውን እያየ ነው ዝማሬውን የጨረሰው። ጌታዬ የሙያ አባቴ አልተቆጣኝም። ኮቱን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ልብስ ለመስቀያ አይሰፋም ብሎኝ ሄደ። ውበትና ብብት ጠላት አይደሉም፣ ክቡር ሆይ። ለብብት ስፋት ያልተተወለት ኮት እኮ ውብ አይደለም፤ ገና ያልተተረተረ ብቻ ነው።

ማሰሪያው የተወለደው በዚያ የምሳ ጠረጴዛ ላይ ነው። መሐንዲሷ ሽቦው ስንት ኪሎ ጉተታ እንደሚችል አሰላች፣ እኔ ጠንካራ ጥብጣብ አጥፌ ሰፋሁ፣ ጋሽ ብሎን ከክዳኗ አውጥቶ ከሽቦው ጋር አያያዘው፣ ከዚያም ሃያ ጊዜ እየጎተተ ፈተነው። ቀለሙን የመረጡት አማቴ ናቸው፤ ቀይ ይሁን ያሉትም ሞራ የጋረደው ዓይን እንኳ ስለሚለየው ነው። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ነው። ማንኛውም ልጅ፣ ማንኛውም አሮጊት፣ በጨለማም ቢሆን ይይዘዋል። ፖሊሷ ለባልደረቦቿ ተናገረች፣ ዳቦ አመላላሹ ዳቦ ለሚያደርስለት ሰው ሁሉ ተናገረ፣ እንደ እኛ ያለ መኪና ያለው ሁሉ ወደ ሱቄ ይመጣ ጀመር። አንድ አባት መንታ ልጆቹን ይዞ መጥቶ፣ የሁለቱንም በር ሰፍቼ ስጨርስ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ እንዲከፍቱ አዘዛቸው። በሦስት ሰከንድ ወጡ። አባትየው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥቂት ቆየ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስለዚህ ደብዳቤያችሁን ይዤዋለሁ፣ በመስታወት አስገብቼም ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኞች ልካቸው እስኪለካ ያነቡታል፣ ብዙዎችም ይዝናናሉ። ማሰሪያውን ግን አላነሣውም። ዋስትናው ይቋረጥ። ፋብሪካው ለመኪናዋ ዋስትና ሰጥቷል፣ ማሰሪያው ደግሞ ለአማቴ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከተባልሁ ባለቤቴ ከእኔ በፊት መርጣልኛለች።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስለ ኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ነበር። ትቼዋለሁ፣ በዓል አይደለም ሁሉን በአንድ ቀን አናቀርብም።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። በእናንተ ቤት ማን እንዳወራ ይመረመር ይሆናል፤ አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ እሰጋለሁ። ያችን መሐንዲስ አትፈልጓት። ከፈለጋችኋትም ለመቅጣት ሳይሆን በአራተኛው ስብሰባ ላይ ከእርስዎ ጎን ለማስቀመጥ ይሁን፤ ከአንድ ገበታ የሚበሉ ቆራጭና ሰፊ እጅጌ አይረሱም። ለዚያ ስብሰባ አማቴም ለመምጣት ፈቃደኛ ናቸው። ከእርስዎ የሚጠብቁት ዓይንዎን በፋሻ አስረው፣ መኪናዋ ኤሌክትሪኳ ጠፍቶ፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጡላቸው ብቻ ነው። እርሳቸው ከውጭ ሆነው ሰዓት ይይዛሉ፤ እንዳይሰለችዎም ያንኑ የስልክ ሙዚቃ ያንጎራጉሩልዎታል።

መኪናዋን ጋሽ ብሎን ጠግኖልናል፤ ባለቤቴ በእርሷ እየሄደች ሕፃናቱን ትቀበላለች፤ አማቴም ሁለተኛ ዓይናቸው ተገፎላቸው አሁን መንገዱን ሁሉ እያዩ ምሰሶው የደበቀብኝን እግረኛ ከኋላ ሆነው ይቆጥሩልኛል። እውነቱን ለመናገር አሁንም ሱቄ በር ላይ ቆማ ሳያት ትከሻዋ ያስደስተኛል። እጅዎ ይባረክ ማለት እፈልግና፣ እጅዎ የሚጨብጠው ነገር አስቀድሞ ይገኝ ብዬ እተወዋለሁ።

ለንጹሕ መስመርዎ ታላቅ አክብሮት ያለኝ፣ በአንድ ስንዝር ቀይ ጥብጣብ የበደልሁዎ፣ ለበደሌም ይቅርታ ለመጠየቅ ምክንያት ፈልጌ ያጣሁ፣ ለጤናዎና ለረጅም ዕድሜዎ ከእርስዎ በላይ የምጨነቅ፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
ልብስ ሰፊው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ልልክ ስል ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ ጨዋ ሹፌር ሱቄ መጣ። ለአለቃው መኪና፣ ለሁለቱም የኋላ በር፣ ማሰሪያ እንዲሰፋለት ፈለገ፤ የአለቃው እናት ዘወትር ከኋላ እንደሚቀመጡና ስለ እኛ ከሰሙ ወዲህ መኪናዋ ውስጥ አልገባም እንዳሉ አጫወተኝ። አለቃው ቶሎ እንዳያስተውሉት ቀይ መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ቢሆን እንደሚመርጥ በሹክሹክታ ነገረኝ። አለቃው ማን እንደሆኑ ስጠይቀው የእርስዎን ስም ጠራልኝ። አዝናለሁ ክቡር ሆይ፣ ግራጫ ጥብጣብ አልነበረኝም።